ለማን ብለን ነው የምንሄደው?

ደሴ ተወልዶ ደሴ ያደገ አንድ የሒሳብ መምህር እናስብ። ዕድሜው አርባን ተሻግሯል። ሚስቱ እዚያው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። የአሥራ ስድስት ዓመት ሴት ልጅና የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው፤ እናቱም አብረዋቸው ይኖራሉ። አዲስ አበባ ያለው የአክስቱ ልጅ በደወለ ቁጥር ወሬው አንድ ነው፦ የግል ትምህርት ቤቶች የሒሳብ መምህር ይፈልጋሉ፣ ደመወዙ ከመንግሥቱ ይሻላል፣ ማታ ማታ ማስጠናቱ ደግሞ ሌላ ገቢ ነው፤ «እዚያ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጠህ ምን ትጠብቃለህ?» ይለዋል። ሰውየው የፈጠራ ሰው ነው፤ ጥያቄው ግን የብዙ ቤት ነው። ጅማም፣ ጎንደርም፣ ድሬዳዋም ይህንኑ ይዞ የሚያመሽ ሰው አይጠፋም።

እንዲህ ያለ ሰው ምክር ሲጠይቅ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ከተሞች ንጽጽር ነው። ደሴ ሰው ይተዋወቃል፣ ሁሉም ነገር በእግር ይደረሳል፤ አዲስ አበባ ሥራውም ሐኪሙም ብዙ ነው፣ ኪራዩ ግን አይቀመስም። ዝርዝሩ እየረዘመ ይሄዳል፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሞላል፣ ሰውየውም ሲያመነታ ሌላ ዓመት ያልፋል። እኔ የምለው ንጽጽሩ ራሱ መነሻው ትክክል አይደለም ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ያሉ አምስት ሰዎች ከአንድ ጉዞ አምስት የተለያየ ነገር ያገኛሉ፤ አንዱ የሚያተርፈውን ሌላው ይከፍልለታል። «የትኛው ከተማ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ለማን?» የሚለው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለይ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ ከተማዋን ጥለው የወጡ ሰዎች የከተማ ንጽጽር ውስጥ አልገቡም፤ የያዙትን ይዘው ወጡ። የነሱ ጉዳይ የራሱ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። እዚህ የማወራው መሄድም መቅረትም በእጁ ስለሆነ ሰው ነው።

የሚገርመው ግን ስለ ምርጫ ካወቅናቸው ነገሮች አንዱና ትልቁ የተገኘው ምርጫ ካልነበራቸው ሰዎች ነው።

ከአይስላንድ ደቡባዊ ጠረፍ ወጣ ብሎ ቬስትማን የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ሰው የሚኖርበት ትልቁ ደሴት ሄይማይ ይባላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1973 ሌሊት ከከተማዋ ዳር መሬቱ ተሰነጠቀና እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ነዋሪው አምስት ሺህ ያህል ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎቹ ወደቡ ላይ ነበሩ፤ ሕዝቡ በዚያው ሌሊት ወደ ዋናው ምድር ተሻገረ። ፍንዳታው ከወራት በኋላ ሲቆም ከከተማዋ ቤቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በቅልጥ ድንጋይና በአመድ ጠፍተው ነበር። ሌሎቹ ተርፈዋል። የማን ቤት እንደሚጠፋና የማን እንደሚተርፍ የወሰነው የፍሰቱ አቅጣጫ ነው፤ የባለቤቱ ጉብዝናም ሆነ ስንፍና የገባበት ነገር የለም። ቤታቸው የተረፈላቸው አብዛኞቹ ተመለሱ። ቤታቸው የጠፋባቸው ካሳ ተከፈላቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ በሄዱበት ቀሩ።

ይህ ለኢኮኖሚ ተመራማሪ በቀላሉ የማይገኝ አጋጣሚ ነው። ከተማ የሚለቅ ሰውና የሚቀር ሰው ሲነጻጸሩ ሁልጊዜ አንድ ችግር አለ፦ የሄደው ከመጀመሪያው ደፋር ወይም ትጉህ ሊሆን ይችላል፤ ያገኘው ገቢ ከመሄዱ የመጣ ይሁን ከጠባዩ አይለይም። እሳተ ገሞራው ግን ያለ ልዩነት መረጠ። ኤሚ ናካሙራ፣ ዮሴፍ ሲጉርድሰንና ዮን ስቴይንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የነዚያን ቤተሰቦች የአሥርት ዓመታት መዝገብ ተከትለው ያገኙት ውጤት አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ነው። ያኔ ከ25 ዓመት በታች የነበሩና ቤታቸው በመጥፋቱ ምክንያት ደሴቱን የለቀቁት ልጆች ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ተጨማሪ ትምህርት ተማሩ፤ ገቢያቸውም ቀርተው ቢሆን ኖሮ ሊያገኙት ከሚችሉት እጅግ ከፍ አለ። ወላጆቻቸው ግን ምንም አላተረፉም፤ እንዲያውም ጥቂት ሳይጎዱ አልቀሩም።

ደሴቱ ድሃ ቢሆን ኖሮ ይህ ብዙም አያስደንቅም ነበር። ግን ድሃ አልነበረም። የዓሣ ሀብቱ የበዛ፣ ገቢውም ከአገሪቱ አማካይ ከፍ ያለ ቦታ ነበር። ዓሣ ለማጥመድ ለተፈጠረ ልጅ ሄይማይ ከየትኛውም ከተማ ይበልጣል። ለሕግ፣ ለሒሳብ ወይም ለኮምፒውተር የተፈጠረው ልጅ ግን እዚያ ሲያድግ ዓሣ ያጠምዳል፤ ምክንያቱም ሌላ ሥራ የለም። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ይኸው ነው፤ እኔም አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ትንሽ ከተማ መጥፎ ስለሆነች ሰው አትገፋም። የሥራ ዓይነቷ ጥቂት ስለሆነ ከጥቂቶቹ ጋር የማይገጥመውን ልጅ ትጎዳለች፤ ከጥቂቶቹ ጋር የሚገጥመውን ደግሞ ትጠቅማለች። የደሴው መምህር ልጁ በንግድ የሰላ፣ እናቱ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ የሚያግባባ ከሆነ ያን ልጅ ከፒያሳ ነቅሎ መውሰድ ጥቅሙ አይታየኝም። ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም፣ ስለ አውሮፕላን የሚጠይቅ ልጅ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል።

ዕድሜ የሚያመጣውን ልዩነት ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ሌላ ሥራ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ድህነት በጸናባቸው ሰፈሮች ይኖሩ ከነበሩ 4,600 ያህል ቤተሰቦች መካከል ከፊሎቹ በዕጣ ተመርጠው ወደ ተሻለ ሰፈር የሚዛወሩበት የኪራይ ድጋፍ ተሰጣቸው። ጉዞው ከሰፈር ወደ ሰፈር እንጂ ከከተማ ወደ ከተማ አልነበረም። ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎውረንስ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሲዛወሩ ከ13 ዓመት በታች የነበሩት ልጆች አድገው ሃያዎቹን ሲያጋምሱ ገቢያቸው በ31 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከ13 ዓመት በላይ ሳሉ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም፤ ጥቂት ሳይጎዱም አልቀሩም። ልጅ ጓደኛውን፣ አስተማሪውን፣ የሰፈሩን ቋንቋ ትቶ እንደገና መጀመሩ ያስከፍለዋል፤ ትንሹ የከፈለውን የሚያካክስበት ረጅም ጊዜ አለው፣ ትልቁ የለውም።

አሁን ወደ መምህራችን ቤት እንመለስና ልጆቹን ለየብቻ እንያቸው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ፊቷ ተደቅኗል። የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚያስታውስ ወላጅ ልጁን በዚህ ሰዓት ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት አያዛውርም። ደግሞም ፈተናውን ካለፈች ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ይመድባታል፤ ወላጆቿ ደሴ ቢቀሩም እሷ ከደሴ ልትወጣ ትችላለች። ከቤተሰቡ ሁሉ አዲሱ ከተማ በብዛት ሊጠቅመው የሚችለው ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል ያልተጠየቀው የሰባት ዓመቱ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ አይቸኩልም፤ አሥራ ሦስት እስኪሞላው ገና አምስት ስድስት ዓመት አለው። የአክስት ልጅ በስልክ «ዘንድሮ ካልመጣህ» እያለ የሚያስጨንቀው ቀነ ገደብ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ትክክለኛው ቀነ ገደብ የሚቆጠረው ከትንሹ ልጅ ዕድሜ ነው።

ወላጆቹስ የሚከፍሉት ምንድን ነው? እዚህ ላይ ሰው በደመወዝ ብቻ ሲያሰላ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

የአርባ ዓመት ሰው በከተማው ያካበተው አብዛኛው ሀብት በባንክ ደብተር ላይ አይታይም። በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ አለ፤ ልጁ በሌሊት ሲታመም መኪናውን የሚያስነሳ ጎረቤት አለ፤ ጉዳዩን ሳያንከራትት የሚጨርስለት የትምህርት ቤት ጓደኛ በየቢሮው አለ። ሚስቱ እቁብ ትጥላለች። እቁብ በመተማመን የቆመ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል፣ ዋሱም የሚያውቀው ሰው ነው። አዲስ ከተማ ውስጥ ዋስ የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል? ነገሩ ከእቁብ አልፎ ሥራ ቅጥር ውስጥም ይገባል። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ጥበቃ፣ ሾፌር ሆኖ ለመቀጠር ተያዥ አምጣ የሚል መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። ችሎታ ኖሮት ተያዥ አጥቶ ሥራው ያለፈው ሰው በየከተማው አለ። የአገሬው ሰው ይህን ወጪ አያውቀውም፤ ከፍሎት ስለማያውቅ።

እድርም እንዲሁ ነው። የመምህሩ እናት ለአሥርት ዓመታት ወር በወር ያዋጡበት እድር አላቸው። አዲስ አበባ ቢሄዱ እንደ አዲስ ገብ መግቢያ ይከፍላሉ፤ በብዙ እድሮች ደግሞ አዲስ አባል ለተወሰነ ጊዜ ሙሉ መብት አያገኝም። ነገሩን በግልጽ ለማውራት እንሸሻለን እንጂ አዛውንት ያለበት ቤት ሲያስብ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው፦ እማማ ደሴ ቢያርፉ ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይተከላል፣ የሚያለቅስላቸው ሰው ያውቃቸዋል። ሰው ባላወቃቸው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢያርፉስ? እናቶች «እኔ የትም አልሄድም» ሲሉ ግትርነት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ሒሳቡን ከኛ ቀድመው ስለሠሩት ነው።

ከዚያ ደግሞ ወረቀቱና ቤቱ አለ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ኪራያቸው ዝቅ ያለ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የቀበሌ ቤት የደረሰው ሰው የሚከፍለው ኪራይ ከገበያው እጅግ ያንሳል። ይህ ቤት አይሸጥም፤ ጥሎ የሄደ ሰው ያጣዋል። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ውስጥ ያለ ቤተሰብና የራሱ ቤት ያለው ቤተሰብ አንድ ዓይነት ምርጫ የላቸውም። የመጀመሪያው ሲሄድ በሩ ይዘጋበታል። ሁለተኛው አከራይቶ መሄድ ይችላል። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው በሕጋዊ መንገድ ለመዛወር መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛ ሲወሰድ የቀድሞው ነዋሪነት ያበቃል፣ በአዲሱ ከተማ መታወቂያ እስኪወጣ ደግሞ ሰው መሐል ላይ ይቆማል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የዝውውር ወረፋው ይጨመርበታል።

አዲስ አበባ ሲደርስ የሚጠብቀው ቤት ኪራይ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣን ተስፋ ማድረግ ለአዲስ መጪ አይሆንም፤ በ2005 ዓ.ም. ከተመዘገቡት መካከል እንኳ ዛሬም ቤት ያልደረሳቸው አሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይም በራሱ ፈቃድ ኪራይ እንዳይጨምር ደንግጓል። ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በደላላ አማካይነት በቃል ስምምነት የገባ ተከራይ ግን ሕጉን የሚያስከብርበት ወረቀት በእጁ የለም።

ስለ ደመወዝ የምለው አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጆን ሃሪስና ማይክል ቶዳሮ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችን አይተው አንድ እንቆቅልሽ ፈቱ፦ ከተማው ሥራ አጥ ሞልቶበት እያለ ሰው ለምን ይጎርፋል? መልሳቸው መጪው ሰው የሚያሰላው የከተማውን ደመወዝ በሚያገኘው ዕድል አባዝቶ ነው የሚል ነበር። ደሴ በወር 10 ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው አዲስ አበባ 16 ሺህ ብር የሚከፈልበት ሥራ አለ ተባለ እንበል። ያን ሥራ የማግኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ከሆነ ደመወዙ በተግባር 8 ሺህ ነው፤ ከተወው ያንሳል። የአክስት ልጅ በስልክ የሚያወራው ስለ 16 ሺህ ነው፤ ስለ ዕድሉ አያነሳም። እሱ ከተማው ላይ የቀና ሰው ነው፤ ያልቀናቸው ተመልሰዋል ወይም ስልክ አይደውሉም። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ ሲያነቡ የሚውሉትን ወጣቶች ያየ ሰው ግን ዕድሉን ይገምታል።

ሥራው ተገኘ ማለትም ሁልጊዜ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለፋብሪካና ለእርሻ ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። ሥራውን በዕጣ ካገኙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀዋል። ደመወዙ በግል ከሚሠራው ትንንሽ ሥራ ብዙ አልበለጠም፣ ጤናም ይጎዳ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፈተ ሲባል ሻንጣ ለሚያነሳ ወጣት ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጀዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደ መቅረት የሚገፋ ይመስላል። ግን የሰው አእምሮ ራሱ ቀድሞውንም ወደ መቅረት ያጋደለ ነው፤ ይህንንም ማስላት ያስፈልጋል። ዊልያም ሳሙኤልሰንና ሪቻርድ ዜክሃውዘር እ.ኤ.አ. በ1988 በብዙ ሙከራ እንዳሳዩት ሰው ከአማራጮች መካከል ያለበትን ነባሩን አማራጭ ያላግባብ ይመርጣል፤ ጥቅሙ ስለበለጠ ሳይሆን ነባር ስለሆነ ብቻ። እኛም የሚያውቁት ሰይጣን ከማያውቁት መልአክ ይሻላል እንላለን። ይህን ዝንባሌ ለመፈተን ጥያቄውን ገልብጦ ማየት ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ተወልደህ ያደግህ፣ ሥራህና ዘመዶችህ እዚያ የሆኑ መምህር ብትሆን ኖሮ፣ አንድ ሰው «ደሴ ና፤ ይኸው ደመወዝህ፣ ይኸው ቤትህ» ቢልህ ትሄድ ነበር? መልሱ «በጭራሽ» ከሆነ ደሴ ያቆየህ ከተማዋ ናት ወይስ ልማድ?

ይህ ጥያቄ ፍጹም ፍትሐዊ አይደለም፤ ተያዥና እድር በቀላሉ የሚገኘው ተወልደው ባደጉበት ነውና። ቢሆንም ራስን ለመመርመር ይረዳል። የኢኮኖሚ ተመራማሪው እስቲቨን ሌቪት ያደረገው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ፣ ትዳር ልፍታ አልፍታ እያሉ የሚያመነቱ ሰዎች በኢንተርኔት ሳንቲም እንዲጥሉ አደረገ። ከሃያ ሺህ በላይ ሳንቲም ተጣለ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ትልልቅ ውሳኔዎች ላይ ለውጡን የመረጡት ካልመረጡት ይበልጥ ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ውጤቱን አጋንኖ መውሰድ አይገባም። እነዚህ ሰዎች ሳንቲም እስከ መጣል የደረሱ፣ ሁለቱ ወገን እኩል የሆነባቸው ናቸው። ዓመታት ሙሉ ሳይወስን የከረመ ሰው ግን ከነሱ ወገን ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል የሚሄደውንም የሚያታልለው ነገር አለ። ዴቪድ ሽኬድና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1998 የካሊፎርኒያንና የመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካን ተማሪዎች ስለ ሕይወታቸው ጠየቋቸው። ሁለቱም ወገኖች የካሊፎርኒያ ሰው በአየሩ ምክንያት ይበልጥ ደስተኛ ነው ብለው ገመቱ፤ የራሳቸው እርካታ ሲለካ ግን ልዩነት አልነበረም። ሰው ሁለት ከተማ ሲያነጻጽር በጉልህ የሚለያዩበትን አንድ ነገር ብቻ ያያል። ለሠርግ አዲስ አበባ ሄዶ አዳራሽ ውስጥ ያመሸ፣ በዘመድ መኪና የዞረ እንግዳ ያየው ከተማና ጠዋት በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ጠብቆ የሚኖርበት ከተማ የተለያዩ ናቸው። መንገዱ የሚበላው ሰዓት በምንም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ደሴ ላይ በእግር የሚደርስበት ሥራ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ ጥሩ ቁራጭ ይወስድበታል፤ ሊያስጠናበት ያሰበው ሰዓትም ይኸው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የኔ አስተያየት መሄድና መቅረት ብቻ እንደ ሁለት ሳጥን መቀመጣቸው ውሳኔውን ያከብደዋል የሚል ነው። በመሐል ሰፊ ቦታ አለ፤ እኛ ደግሞ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ጉራጌው መርካቶ ነግዶ መስቀልን አገር ቤት ሲያሳልፍ፣ እንሰቱ፣ ቤቱና ዘመዱ ተጠብቀው ቆይተው ይቀበሉታል። ከጋሞ ደጋ የወጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳ ሲሰፍሩ ከአገራቸው አልተቆረጡም፤ የቀደመው ለተከታዩ ተያዥ ሆነ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ጊዜ ነቅለው አልሄዱም። መጀመሪያ አንድ ሰው ሄደ፤ ከተማው ውስጥ የሚያውቀው ሰው ነበረው፤ አገር ቤት ያለው በርም ክፍት ቆየ። ኧርነስት ራቨንስታይን እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ፍልሰት በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ሰው ወደ አንድ ቦታ በብዛት በፈለሰ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስም ጅረት እንደሚኖር አስተውሏል። መመለስ የፍልሰት አንዱ ክፍል ነው፤ ከተማው አልሆን ብሎት የተመለሰን ሰው እንደ ተሸናፊ የምናየው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ይሉኝታው ስንቱን በማይሆንለት ከተማ አስቀርቶታል።

መሞከር ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ ከባንግላዴሽ የተገኘ ማስረጃ አለ። በሰሜኑ ራንግፑር አካባቢ በየዓመቱ ከመኸር በፊት ረሃብ ይገባ ነበር፤ ከተማ ሄዶ መሥራት ግን ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ለገበሬ ቤተሰቦች የአውቶቡስ መሳፈሪያ የሚሆን 8.50 ዶላር ሰጡ። በዚህች ገንዘብ ብቻ ከመቶ ቤተሰቦች 22ቱ ያለሱ የማይልኩትን ሰው ላኩ፤ የሄዱት ቤተሰባቸውን አበሉ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ብዙዎቹ ያለ ድጎማ ተመልሰው ሄዱ። ገበሬዎቹን ያገዳቸው ከተማው አልነበረም፤ ሙከራው ባይሳካ የሚጠፋውን የመጨረሻ ገንዘብ ፍራቻ ነበር። የተመራማሪዎቹ ሙከራ ፕሮግራም ሆኖ ሲስፋፋ ግን የመጀመሪያው ውጤት አልተደገመም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተዘጋ። መሳፈሪያ ብቻውን ሁሉን አይፈታም።

መምህራችን ከባንግላዴሹ ገበሬ የተሻለ ዕድል አለው፦ ክረምት አለው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ወር አዲስ አበባ ተቀምጦ ማስጠናት ይችላል። በዚያ ጊዜ የሚያውቀው ስለ ከተማው ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚቀጥረው፣ ማን ተያዥ እንደሚሆነው፣ ስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንደሚያጠፋ ያውቃል። ሚስቱም ሸቀጥ ልትገዛ መርካቶ ስትመጣ የሱቅ ኪራይ ትጠይቃለች፤ የሷ ሱቅ ደሴ ላይ ያለው ደንበኛ በካርቶን ተጭኖ እንደማይሄድ ከማንም በላይ ታውቃለችና የሷ ድምፅ ከሱ ደመወዝ እኩል ይመዘን።

ፍርዴን ልስጥ። ይህ ቤተሰብ ዘንድሮ መሄድ የለበትም። ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ፤ እሱ አንድ ሁለት ክረምት ይሞክር፤ ትንሹ ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላው ይወሰን፤ እናትየው ራሳቸው ይወስኑ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ለሆነ፣ የሚጦረው ለሌለ፣ በተማረው ትምህርት በከተማው ሥራ ላጣ ወጣት ግን ምክሬ ተቃራኒ ነው፤ ሂድ፣ ዘግይተህ የምታተርፈው ነገር የለም። ስድሳ የሞላው፣ ቤትና እድር ያለው ሰው ልጆቹ «ና አብረን እንኑር» ሲሉት ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ በልጆቹ ላይ ነው፤ ለማን ብለው እንደሚወስዱት መጀመሪያ ይንገሩት።

ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ካላችሁ አከራዩ እንጂ አትሽጡ። የእድሩን ወርኃዊ መዋጮ በሰው እጅም ቢሆን መላክ አታቋርጡ። የመንግሥት ሥራ ካላችሁ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይገኝ እንደሆነ ሳትጠይቁ መልቀቂያ አታስገቡ። መሸኛውን የምታወጡት በአዲሱ ከተማ ውል የፈረማችሁበት ቤትና ቢያንስ የአንድ ዓመት ሥራ ከያዛችሁ በኋላ ይሁን።